ስም ሲሸጥ፦ የቆዳው ሰው ክሎድ ሞንታና

የካቲት 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ውስጥ አንድ የ76 ዓመት ሰው አረፈ። ክሎድ ሞንታና የሚባል የልብስ ዲዛይነር ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የሴት ኮት ትከሻ እንደ በር የሰፋው በማን ምክንያት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ከሚጠሩላችሁ ሁለት ሦስት ስሞች አንዱ የእሱ ነው። ጋዜጦቹ ሲሞት "የትከሻ ንጉሥ" እያሉ ጻፉለት። ከዚያ በፊት ግን ለብዙ ዓመት ማንም ስለ እሱ አይጽፍም ነበር።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ እዚያው ፓሪስ፣ የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ችሎት ስለ ሌላ ዲዛይነር የቀረበለትን ክርክር ይዞ አንድ ጥያቄ ለአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ላከ። የሕግ ቋንቋው ተገፎ ሲነበብ ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ ዲዛይነር ስሙ ወደ ሌላ እጅ ከገባ በኋላ፣ ገዢው "ልብሱን አሁንም የሚሠራው እሱ ነው" እያስመሰለ ቢሸጥስ?

ሁለቱ ዜናዎች በሕግ አይገናኙም። ሰዎቹም ጉዳያቸውም የተለያየ ነው። እኔ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለሆኑ ነጥዬ ማየት አልቻልኩም። "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" እንላለን። ይውላል፣ እውነት ነው። ጥያቄው የማን ንብረት ሆኖ ነው የሚውለው የሚለው ነው። ሞንታና ሲቀበር ልብስ ላይ የሚለጠፈው ስሙ ከእጁ ከወጣ ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው በ1947 ፓሪስ ነው። አባቱ የካታላን ዘር፣ እናቱ ጀርመናዊት። የቤተሰቡ ስም ሞንታና አይደለም፣ ሞንታማ ነው። ሞንታና ያለው ራሱ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ልብስ ስፌት ትምህርት ቤት ገብቶ የወጣ ሰው አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ሄደ። ገንዘብ የለውም። ወረቀት አርጥቦ በሙጫ እያቦካ፣ ላዩ ላይ የመስታወት ፈርጥ እየለጠፈ ጌጣጌጥ መሥራት ጀመረ። የአንገት፣ የእጅ፣ የጆሮ። ዋጋ የሌለው ነገር ነው፣ ዝናብ ቢያገኘው የሚሟሟ። ሆኖም የእንግሊዙ ቮግ መጽሔት አየውና አወጣለት። ዕድል ይሉታል እንዲህ ዓይነቱን። ለንደን ግን የሥራ ፈቃድ ትጠይቃለች፣ ኪራይ ትጠይቃለች። ወደ ፓሪስ ተመለሰ።

ፓሪስ ውስጥ ሥራ ያገኘው ማክ ዱግላስ በሚባል የቆዳ ልብስ ድርጅት ነው። በረዳትነት ገባ፣ ቆይቶ ዋና ዲዛይነር ሆነ። እኔ እንደሚመስለኝ የሰውየው ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ሐር የሚሰፋበት ቤት ቢገባ ኖሮ፣ ያ ትከሻ የሚመጣ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ቆዳ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ጊዜ ከሰልባጅ የገዛሁት የቆዳ ጃኬት ነበረኝ። እጅጌው ረዘመብኝና ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። እጁ የተመሰከረለት ሰው ነው፣ ሱፍ ኮት ላይ ማንም አይደርስበትም። አሳጠረልኝ። ስለብሰው ከልክ በላይ አጥሯል። "ምንም ችግር የለም የኔ ወንድም፣ እንፈታዋለን" አለኝ። ፈታው። እጅጌው ወደ ቦታው ተመለሰ። ግን ከአንጓዬ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን፣ ጉንዳን የተሰለፈበት የመሰለ የቀዳዳ መስመር ቀረ። ሰውየው በጣቱ አሸት አሸት አደረገው። በእንፋሎት ሞከረ። ምራቁን ሁሉ ሞከረ። ወይ ፍንክች። ገንዘብ አልቀበልህም አለኝ፣ እኔም ጃኬቱን ይዤ ወጣሁ። መስመሩ ዛሬም አለ።

ጨርቅ የክር ድርና ማግ ነው። መርፌ ሲገባ ክሮቹ ዘወር ይላሉ፣ ሲወጣ መልሰው ይገጥማሉ። ቆዳ ክር የለውም። መርፌው ሲገባ ቀደደው ማለት ነው፣ በቃ። ስለዚህ ቆዳ የሚሰፋ ሰው ስፒል አይሰካም፣ በክሊፕ ይይዛል። ሸምቀቅ አድርጎ ሰፍቶ "እንየውና እንፈታዋለን" የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ልብሱን በሙሉ በአቡጀዲ ይሰፋል፣ ሞዴሏ ላይ ያየዋል፣ ያስተካክላል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ይሰፋል። ቆዳው ላይ መቀስ የሚያሳርፈው ሐሳቡን ከጨረሰ ወዲያ ነው። ስፌቱንም እንደ ጨርቅ በካውያ አይጫነውም፣ ጠርዙን አሳስቶ፣ ገልብጦ በማስቲሽ ይለጥፍና በመዶሻ ይመታዋል።

ሌላም አለ። ጨርቅ በሜትር ይመጣል፣ የፈለግከውን ያህል ትዘረጋለህ። ሌጦ ግን የበጉን ያህል ነው። ከአንድ በግ ሌጦ አንድ ሙሉ ኮት አይወጣም። ብዙ ሌጦ ያስፈልጋል፣ ሁሉም ቀለሙ እንዲመሳሰል ተመርጦ። ጨርቅ ሃያ ሠላሳ ድርብ ተደርቦ በአንዴ ይቆረጣል። ቆዳ አንድ በአንድ ነው። ቆራጩ ሌጦውን ዘርግቶ ያነበዋል፦ ጀርባው ጠንካራ ነው፣ ሆዱ ይለጠጣል፣ እዚህ ጋ እሾህ ቧጥሮታል፣ እዚያ ጋ ቅማል በልቶታል። ደህናውን ለደረት፣ ደካማውን ለብብት።

ከዚህ የተነሳ የቆዳ ልብስ መገጣጠሚያ ይበዛዋል። አብዛኛው ሰው መገጣጠሚያውን የማይታይ ቦታ ለመደበቅ ይታገላል። ሞንታና መገጣጠሚያውን ወደ ፊት አወጣው። የግድ የሆነውን ስፌት መስመር አደረገው፣ ከአንገት ተነስቶ ትከሻን ዞሮ ወገብ ላይ የሚወድቅ። ኮቶቹን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ይሄን መስመር ነው።

ትከሻውስ? የራሴን ግምት ልናገር። ቆዳ ከባድ ነው። ረጅም የቆዳ ካፖርት ክብደቱ የሚንጠለጠለው ትከሻ ላይ ነው። ትከሻው ደካማ ከሆነ ልብሱ በሙሉ ይወርዳል፣ ለባሹም የተሸከመ እንጂ የለበሰ አይመስልም። ስለዚህ ትከሻው ላይ መሠረት ትጥላለህ። ስፖንጅ ታስገባለህ፣ ደርበህ ታጠነክራለህ። ቆዳው ራሱ ደግሞ የሰጠኸውን ቅርጽ ይይዛል፣ እንደ ሐር አይፈስም። ትከሻው ሲሰፋ ወገቡ ይጠባል፣ ተገልብጦ የቆመ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ሞንታና ከቆዳ የተማረውን ይህን ቅርጽ በኋላ በሱፉም በካሽሚሩም ላይ ደገመው።

ቆዳ ካነሳን የራሳችንን ነገር ሳልነካ ማለፍ አልችልም። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ በዓለም የጓንት ገበያ የታወቀ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የአውሮፓ በግ ሱፍ ያበቅላል፣ ሱፉ የሚበቅልበት ቆዳ ደግሞ ስብና ክፍተት ይበዛዋል፣ ይላላል። የእኛ በግ ጸጉሩ እንደ ፍየል ነው። ቆዳው ጥብቅ፣ ስስና ጠንካራ ይሆናል። ስስ ሆኖ የማይቀደድ ቆዳ እንደ ልብ አይገኝም። በእንግሊዟ ዮቪል ከተማ የነበረው ፒታርድስ የተባለ አሮጌ ቆዳ ፋብሪካ ለጓንት የሚሆነውን ሌጦ ከእኛ አገር ሲገዛ ኖሮ፣ በኋላ ሞጆ አካባቢ እጀርሳ ያለውን ፋብሪካ እስከ መያዝ ደርሶ ነበር። እናት ድርጅቱ በ2023 ወደቀ። እዚህ ደግሞ ዱሮ በዓል በዋለ ማግስት "ቆዳ ያለው!" እያለ በር ለበር የሚዞረው ሰው ቀርቶ፣ ሌጦው ገንዳ ሥር ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው እናያለን። እከክ የሚባለው የበግ በሽታ ሌጦውን እያበላሸ ዋጋውን እንደሚጥለው ቆዳ ፋብሪካ የሠራ ሁሉ ይነግራችኋል። ይሄ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ለሌላ ጊዜ።

ወደ ፓሪስ። ሞንታና በራሱ ስም ልብስ ማሳየት የጀመረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው። ኩባንያውን በ1979 አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ሾዎች ጭቅጭቅ አስነሱ። ጥቁር ቆዳ፣ ሰንሰለት፣ ቆብ፣ የመኮንን ዓይነት ትከሻ። "ይሄ የናዚ ልብስ ነው" ያሉ ነበሩ። ጦርነቱ ካበቃ ገና ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ፓሪስ ደግሞ የጀርመን ወታደር የተመላለሰባት ከተማ ናት። ንዴቱ ይገባኛል። የሞንታና መልስ ግን ሌላ ነበር፦ ያየሁት የሞተር ሳይክል ነጂዎችንና ወንዶች ቆዳ ለብሰው የሚሰበሰቡባቸውን የሌሊት ቤቶች ነው አለ። ያንን የወንድ ልብስ ወስዶ ለሴት ልክ ቆረጠው። ነገሩ ይሄው ነው።

ከዚያ ስድብ ወደ ጭብጨባ ለመሄድ ብዙ አልፈጀበትም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሞንታና ሾው መግቢያ ካርድ ማግኘት ፈተና ነበር፣ በር ላይ ግፊያ ነው። ሞዴሎቹ አይሽኮረመሙም፣ ፈገግ አይሉም። ተሰልፈው እንደ ጦር ይመጣሉ። ሰማያዊ ይወድ ነበር፣ የሚያበራ ሰማያዊ። ቆዳን በዚያ ቀለም መንከር በራሱ ድፍረት ነው፣ ቆዳ ማለት ጥቁርና ቡና ቀለም ብቻ በነበረበት ጊዜ።

በዚያው ሰሞን ፓሪስ ውስጥ ሁለት ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። አንዱ ቲዬሪ ሙግሌር ነው፣ የስትራስቡርግ ልጅ። እሱም ትከሻ ያሰፋል፣ ግን ሴቷን ወይ ነፍሳት ወይ ሮቦት ያስመስላታል፣ ቲያትር ነው። ሌላው አዜዲን አላያ ነው፣ ከቱኒስ የመጣ፣ ቁመቱ አጭር፣ ጥቁር የቻይና ሸሚዝ የማይለየው። አላያ ቆዳን ቀዳዳ ቀዳዳ አድርጎ በብረት ቀለበት እየከበበ ገላ ላይ ያጣብቀዋል። ሞንታና መሐላቸው ነው። እንደ ሙግሌር አይቀልድም፣ እንደ አላያም ገላን አይከተልም። በእሱ ልብስ ውስጥ ገላው ተከራይ ነው፣ ቤቱ ልብሱ ነው። (ቆዳን ጭራሽ እንደ ላስቲክ እንዲለጠጥ ያደረገው ሌላው ፈረንሳዊ ዣን ክሎድ ጂትሯ ነው። እሱ ከፋሽን በፊት የሥነ ልቦና ሰው ነበር፣ የራሱ ደስ የሚል ታሪክ አለው።)

ያ ትከሻ ለምን ያን ያህል ተወደደ ሲባል፣ ሴቶች ቢሮ ስለገቡ፣ ከወንድ አለቃ እኩል ለመታየት ስለፈለጉ ነው የሚል መልስ የተለመደ ነው። ግማሽ እውነት አለው። ግን የሞንታናን የቆዳ ካፖርት ለብሶ ቢሮ የሚሄድ ሰው አላየሁም። ቢሮ የገባው የእሱ ቅጂ ነው፣ ተቀንሶ፣ ለሁሉም እንዲሆን ተደርጎ። ቅጂው እስከ እኛም ደርሷል። በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ፎቶ ቤት የተነሱ የእናቶቻችንንና የአክስቶቻችንን ፎቶ አውጡና እዩ። ቀሚሱ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ትከሻቸውን ጆሮ ሊያስነካው ምንም አልቀረው።

አሁን ስለ ገንዘብ። ውድ ልብስ የሚሠራ ዲዛይነር ሀብታም ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሾው ገንዘብ ይበላል። ቆዳው፣ ቆራጩ፣ ሰፊው፣ ሞዴሉ፣ አዳራሹ። ገቢ የሚመጣው ስሙን ከማከራየት ነው። ሌላ አገር ያለ ፋብሪካ ሹራብ ይሠራል፣ ስሙን ይለጥፋል፣ ኪራይ ይከፍላል። መነጽር ሠሪው እንዲሁ። ከሁሉም በላይ ግን ሽቶ ነው። የሞንታና ሽቶ በ1986 ወጣ። ስሙ ፓርፋ ደ ፖ ይባላል፣ "የቆዳ ሽቶ" ወይም "የገላ ሽቶ" ማለት ነው፤ በፈረንሳይኛ ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው። ጠርሙሱን የሠራው ሰርዥ ማንሶ ነው፣ እየተጠማዘዘ እንደሚወጣ ደረጃ ያለ፣ ሰማያዊ ካርቶን ውስጥ የሚገባ። ሽቶው ተሸጠ። ኮቱን መግዛት የማይችለው ሰው ጠርሙሷን ይገዛል፣ ስሙን ይቀባል ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ እዚህ ጋ ስሙ ከሰውየው መለየት ጀምሯል። ሽቶውን የሚቀምመው ሌላ፣ ሹራቡን የሚያስለው ሌላ፣ የሚሸጠው ሌላ። ሞንታና የሚያዋጣው ስሙን ነው።

በ1989 ዲዮር የሚባለው ታላቅ የፋሽን ቤት ጠርቶት እንቢ ማለቱ ይነገራል፣ ቦታውን ጣሊያናዊው ጃንፍራንኮ ፌሬ ያዘው። በዓመቱ ግን ሌላ አሮጌ ቤት፣ ላንቫን፣ በትእዛዝ የሚሰፋውን ኦት ኩቱር የሚባለውን ክፍል እንዲመራ ሰጠውና ተቀበለ። የመጀመሪያው ሾው ላይ ሰደቡት። ቀጥሎ ግን ሁለት ጊዜ በተከታታይ "ዴ ዶር" ተሸለመ። ይህ ሽልማት ሰፊዎች መርፌ እንዳይወጋቸው ጣታቸው ላይ የሚያጠልቋት ቆብ በወርቅ ተሠርታ ማለት ነው፣ የዚያ ሙያ ትልቁ ክብር ነበር። የላንቫን ልብሶቹን ፎቶ ሳይ የምገረመው ትከሻው መጥፋቱ ነው። ለስላሳ፣ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ ሥራ። "ይሄ ሰው ከትከሻ ሌላ አያውቅም" ላሉት መልስ ሰጥቷል ማለት ይቻላል። ይሁንና ላንቫን ብዙ ገንዘብ ከሰረበትና በ1992 ተለያዩ።

በዚያ ላይ ዘመኑ ዞረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወጣቱ የተቀደደ ጂንስና የአያቱን ሹራብ መልበስ ጀመረ። ከቤልጅየም አንትወርፕ የመጡት ልጆች ስፌቱን ገልብጠው፣ ጠርዙን ሳይቀመቅሙ መድረክ ላይ አወጡት። ከእነሱ አጠገብ የሞንታና ሴት ከአሮጌ ፊልም የወጣች መሰለች። በራሱ ስም በሚያወጣው ልብስ ላይ ብዙም መቀየር አልፈለገም። እልኸኛ ነበር የሚሉት አሉ። እኔ ግን እልህ ብቻ አይመስለኝም፣ የሚያውቀውን ነገር ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ሌላ ነገር ጀማሪ ሆኖ መሞከር ይከብደዋል።

በ1993 ዋሊስ ፍራንከንን አገባ። አሜሪካዊት ሞዴል ናት፣ ከጅምሩ አንስቶ ልብሱ በእሷ ላይ ነው የሚታሰበው። ሞንታና ወንዶችን እንደሚወድ የማያውቅ ስላልነበረ ጋብቻው ብዙ ሰው አስገረመ። በ1996 ዋሊስ ፓሪስ ካለው መኖሪያቸው መስኮት ወድቃ ሞተች። መርማሪዎቹ ራሷን እንዳጠፋች ደመደሙ። ብዙ ተወርቷል፣ እዚህ መድገሙ ለማንም አይጠቅምም። በዓመቱ፣ በ1997፣ ኩባንያው ከሰረ። ስሙም ከሌላው ንብረት ጋር አብሮ ተሸጠ።

አብሮ ተሸጠ ሲባል ምን ማለት ነው? ኩባንያ ሲከስር አበዳሪዎች ያለውን ይቆጥራሉ። መኪና፣ የስፌት ማሽን፣ መጋዘን ውስጥ ያለ ቆዳ። ፋሽን ቤት ውስጥ ግን ከማሽኑ ሁሉ የሚበልጠው ዕቃ የተመዘገበው የንግድ ምልክት ነው። ምልክቱ ደግሞ የሰውየው ስም ነው። ሰውየው መታወቂያው ላይ፣ ደብዳቤው ላይ በስሙ መፈረም ይችላል። ቀሚስ ሰፍቶ አንገቱ ላይ ስሙን መለጠፍ ግን አይችልም፣ ሰርቆ ነው የሚባለው።

ፈረንሳይ ውስጥ ይህን የሕግ መሠረት ያስያዘው ጉዳይ ከፋሽን የመጣ አይደለም። ፒየር ቦርዳስ የሚባል መጽሐፍ አሳታሚ በስሙ ካቋቋመው ድርጅት ሲወጣ "ስሜን መልሱልኝ" አለ። ሰበር ችሎቱ በ1985 አይሆንም አለው። የቤተሰብ ስም አንዴ የንግድ ስም ሆኖ ለኩባንያ ከተሰጠ፣ ከሰውየው ተነጥሎ ለብቻው የሚቆም ንብረት ሆኗል። በቃ፣ እንደ ሕንጻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የፋሽኑ መንደር በዚህ የተጎዱ ሰዎች ሞልተውበታል። እንደ ፋሻ የሚጠመጠመውን ቀሚስ ያወጣው ኤርቬ ሌዤ አለላችሁ። የትውልድ ስሙ ፔኜ ነው፣ ሌዤ በሚል ስም ታወቀ፣ ኩባንያው ተሸጠና ራሱን አባረሩት፣ ስሙም እዚያው ቀረ። ኤርቬ ሌሩ ብሎ ሦስተኛ ስም አውጥቶ እንደገና ጀመረ። ክርስቲያን ላክርዋ ቤቱ በ2009 ሲከስር ስሙን ትቶ ወጣ፣ ያ ስም ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ሞዴሏ ኢኔስ ደ ላ ፍሬሳንጅ ከራሷ ብራንድ ተባርራ፣ ብዙ ዓመት ተሟግታ፣ በ2013 ገደማ ስሟን አስመለሰች። ከስንት አንድ ነው እንዲህ የሚቀናው።

ሙግሌር ደግሞ መላ ዘየደ። ስሙ የሽቶ ኩባንያዎች ሲሆን እሱ ማንፍሬድ ነኝ አለ።

አውሮፓ ኅብረት ደረጃ ላይ የመጀመሪያው ትልቅ ውሳኔ በ2006 መጣ። ኤልሳቤት ኢማኑኤል በ1981 የልዕልት ዲያናን የሠርግ ቀሚስ ከባሏ ጋር የሠራች እንግሊዛዊት ናት። ስሟ ተሸጠ። "እኔ ሳልኖርበት በስሜ መሸጥ ሕዝብን ማታለል ነው" አለች። ፍርድ ቤቱ፦ ዲዛይነሯ ስለሌለችበት ብቻ ምልክቱ አታላይ አይባልም ብሎ መለሳት። ስም ገዢዎች እፎይ አሉ።

በመግቢያዬ ያነሳሁት ሰበር ችሎት የላከው ጥያቄ ይህን በር ነው እንደገና ያንኳኳው። ባለጉዳዩ ዣን ሻርል ደ ካስቴልባዣክ ነው። ታውቁታላችሁ፣ ስሙን ባታውቁት ሥራውን አይታችኋል። በ1997 የሮማው ጳጳስ ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ ፓሪስ ሲመጡ የለበሱትን የቀስተ ደመና ልብስ፣ በ2024 መጨረሻ ኖትርዳም ካቴድራል ሲከፈት ካህናቱ የለበሱትን ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የሠራው እሱ ነው። ኩባንያው ተቸግሮ ስሙ ፒኤምጄሴ ለሚባል ድርጅት ተላለፈ። ለጥቂት ዓመት አብረው ሠሩ፣ ተለያዩ። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ የእሱን ሥዕልና አሣሣል የመሰለ ነገር ልብስ ላይ እያተመ በስሙ ሸጠ ተብሎ ክርክር ተነሳ። በ2022 የፓሪስ ይግባኝ ፍርድ ቤት ለካስቴልባዣክ አደላ። ድርጅቱ ወደ ሰበር ሄደ፣ ሰበር ደግሞ ሉክሰምበርግ ወዳለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ላከው።

መልሱ በዲሴምበር 2025 መጣ። ፍርድ ቤቱ የ2006ቱን አልሻረም። ዲዛይነሩ ሄዶ ስሙ መቅረቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ገዢው ስሙን የሚጠቀምበት መንገድ ተራውን ሸማች "ይሄን የሠራው ራሱ ነው" ብሎ እንዲሳሳት ካደረገው፣ ምልክቱን ሊያጣው ይችላል።

ልዩነቱ ቀጭን ነው፣ ግን ትልቅ ነው። ስም መግዛት ትችላለህ። እጅ የገዛህ መምሰል አትችልም። አንዳንዱ ይሄ ዲዛይነሮችን ይጠቅማል ይላል። እኔ ትንሽ እጠራጠራለሁ። ክስ ገንዘብ ነው፣ ዓመታት ነው። ካስቴልባዣክ የታወቀ ሥዕል፣ የታወቀ ቀለም አለው፣ "ይሄ የእኔ ነው" ብሎ ፍርድ ቤት ማሳየት ይችላል። ሞንታና ምን ሊያሳይ ነው? ትከሻ? ትከሻ በማንም ስም አይመዘገብም።

ደግሞ እውነቱን ለመናገር ሻጩም ሁልጊዜ ተበዳይ አይደለም። ብዙዎቹ ኩባንያ ሲያቋቁሙ ስማቸውን በመዋጮነት አስገብተው ብድርና ባለሀብት አግኝተውበታል። ገንዘቡን ሲቀበሉ ስሙ ንብረት ነበር፣ ሲለያዩ ነፍስ ሆነ። ባለሀብቱም እኮ ያወጣው ገንዘብ አለ። እኛ ጋ ቢሆን ነገሩ ይብሳል፦ ሁለተኛው ስማችን የአባት ነው። ብራንድህን በሙሉ ስምህ ሰይመህ ከሸጥክ አባትህንም ጨምረህ ነው የሸጥከው። የአዲስ አበባ ዲዛይነሮች ከመመዝገባቸው በፊት ጠበቃ ቢያማክሩ ጥሩ ነው።

ሞንታና ያጣት ስም ደግሞ፣ ያዙልኝ ያልኳችሁ፣ የአባቱ አልነበረችም። ራሱ ያወጣት ስም ናት። እንደ ወረቀት ጌጡ በእጁ የሠራት ነገር። ከተሸጠች በኋላ ጥቂት ዓመት ሞካክሮ ጠፋ። ፓሪስ ውስጥ በጸጥታ ኖረ። አልፎ አልፎ መንገድ ላይ ያዩት ሰዎች ስለመክሳቱ ያወሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ሁሉ ሽቶው ሱቅ ውስጥ አለ፣ ሞንታና ተብሎ።

ትከሻው ግን ተመልሷል። ዲዛይነሩ አንቶኒ ቫካሬሎ ለሰን ሎራን የፋሽን ቤት በ2024 መስከረም ያሳያቸውን ሰፋፊ ኮቶችና የቆዳ ጃኬቶች ያየ ሰው ሞንታናን ማስታወሱ አይቀርም። አሮጌ ልብስ ሰብስበው የሚሸጡ ሰዎችም የ1980ዎቹን ሞንታና እየፈለጉ ነው። እነዚህ ሰዎች ልብሱን ሲያገኙ መጀመሪያ አንገቱ ላይ ያለውን ጨርቅ አያምኑም፣ ስሙ በፊትም በኋላም ያው ነው። ገበሩን ይገለብጣሉ። ስፌቱ ተለጥፎ ተመቷል ወይ፣ ትከሻው ውስጥ ስንት ድርብ አለ፣ መስመሩ ከአንገት ተነስቶ የት ይወድቃል ብለው በጣታቸው ይከተሉታል። የተፈታና የተሰፋ ከሆነ ቀዳዳው ይነግራቸዋል።